ሸክሙን ማን ይሸከም? የዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ጥበቃ ታሪክ

አንድ ዩኒቨርሲቲ በሰርጎ ገቦች ሲዘረፍ በመጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ላይ ነው። አጠራጣሪ ሊንክ የተጫነ መምህር፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ የለጠፈ የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ የማታውቀውን ኢሜይል የከፈተች ጸሐፊ በየሪፖርቱ ይጠቀሳሉ። ከዚያ ሥልጠና ይታዘዛል፣ መመሪያ ይወጣል፣ የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ይቀየር ይባላል። ይህ አካሄድ በብዙ አገር ከመለመዱ የተነሳ ሌላ መንገድ ያለ አይመስልም። ታሪኩ ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው። የኮምፒውተር ጥበቃ በአብዛኛው የተወለደውም ያደገውም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረና በሰነድ የተያዘ ልምድ አለ። ያን ልምድ ከሥሩ ተከትሎ ለሚያጠና ሰው አንድ እውነት ደጋግሞ ይገለጥለታል፦ ጥበቃው የጠነከረው የቴክኖሎጂ አገልግሎቱ ሸክሙን ከመምህሩና ከሠራተኛው አንስቶ ራሱ በተሸከመ ቁጥር ነው፤ የላላው ደግሞ ሸክሙን መልሶ በጫነባቸው ቁጥር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማሳየት ነው። ሌላ አቆጣጠር ካልተጠቀሰ በቀር፣ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ በሚባለው፣ በ1961 ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ፣ ዋጋው የማይቀመስ መሣሪያ ነበር። ተመራማሪው ስሌቱን በካርድ ላይ አስበስቶ ለኦፕሬተሮች ያስረክባል፤ ውጤቱን ለማግኘት ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ ይጠብቃል። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ይህን ወረፋ ለማስቀረት፣ ብዙ ሰው በየራሱ መጻፊያ ተቀምጦ አንዱን ማሽን በአንድ ጊዜ የሚጋራበትን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠሩና በኖቬምበር ወር ለሕዝብ አሳዩት። በሚቀጥለው ወር፣ በዲሴምበር፣ አዲስ አበባ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ የዚህ ዩኒቨርሲቲያችንና የጋራ ኮምፒውተር ዕድሜ እኩያ ነው ማለት ይቻላል። መጋራቱ ግን አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። የአንዱ ፕሮፌሰር ፋይል ከሌላው ፋይል ጎን በአንድ ዲስክ ላይ ሲቀመጥ፣ የእያንዳንዱ ሥራ በምን ይለይ? እያንዳንዱ የተመደበለት የማሽን ሰዓትስ በምን ይታወቅ? የኮርባቶ ቡድን መልስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል መስጠት ነበር። ለጊዜው ቀላልና ምክንያታዊ መፍትሔ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚጽፈው ቃል ከዚያ ክፍል የወጣ ልማድ ነው።

ያ የይለፍ ቃል ጥበቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበረበት መንገድ ለክርክራችን ትልቅ ቦታ አለው። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት ለምርምሩ አልበቃ አለው። ፋይሎችን በካርድ ጥያቄ ማሳተም እንደሚቻል ስለሚያውቅ፣ የይለፍ ቃሎቹ በሙሉ የተቀመጡበት ፋይል እንዲታተምለት ጠየቀ፤ ታተመለትም። የሁሉም ሰው ቃል በእጁ ገባ፣ እሱም በሌሎች ስም መሥራቱን ቀጠለ። ድርጊቱን ራሱ የተናገረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ በዚያው ሥርዓት ላይ የባሰ ነገር ደረሰ። ሁለት የሲስተም ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ለተጠቃሚዎች የሚተላለፈውን የዕለቱን መልእክት፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ፋይል ሲያርሙ ጊዜያዊ ፋይሎቻቸው ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ማሽኑ የገባ ሁሉ በዕለቱ መልእክት ፋንታ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል ተነበበለት። ሁለቱንም አደጋዎች ልብ ብሎ ላየ፣ አንድም መምህር ደካማ ቃል በመምረጡ፣ አንድም ሠራተኛ በመዘንጋቱ የመጣ ጉዳት የለም። ጥፋቱ የሁሉንም ምስጢር ሳይመሰጥር በአንድ ፋይል ውስጥ ያስቀመጠው አሠራር ነው። ኮርባቶም ይህን የ1966 ታሪክ የተናገረው የ1990ውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ላይ ነበር፤ ውስብስብ ሥርዓት ስሕተት እንደማያጣውና ሠሪው አስቀድሞ ሊያስብበት እንደሚገባ ለማስረዳት።

መፍትሔው ከወዲያኛው የአትላንቲክ ዳርቻ መጣ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ኒድሃም በ1960ዎቹ ያመጣው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ የይለፍ ቃሉን እንዳለ ማስቀመጥ የለበትም። ቃሉ በአንድ የስሌት መንገድ ይፈጫል፤ የሚቀመጠው የተፈጨው ውጤት ብቻ ነው። ከውጤቱ ተነስቶ ወደ ቃሉ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፋይሉ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ቃሎቹን በቀጥታ አያገኝም። የካምብሪጁ ሞሪስ ዊልክስ ይህን ዘዴ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አስተዋወቀው። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው የሐሳቡ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ለተጠቃሚው ያመጣው ለውጥ አለመኖሩም ነው። ቃሉ ተፈጭቶ ቢቀመጥም ባይቀመጥም መምህሩ የሚጽፈው ያንኑ ቃል ነው። አዲስ መመሪያ አያስፈልገውም፣ ሥልጠና አይታዘዝበትም። በእሱ ላይ አንዳች ሳይጨመር ጥበቃው በብዙ እጥፍ ጠነከረ።

ሠራተኛው በእርግጥ ደካማ ቃል እንደሚመርጥ የታወቀው ግን ብዙም ሳይቆይ ነው፤ የሚክድ የለም። በ1979 የቤል ላቦራቶሪዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን፣ በዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው ይሠራበት ስለነበረው ዩኒክስ የይለፍ ቃል ጥበቃ አንድ ጥናት አሳተሙ። ከሰበሰቧቸው 3,289 ቃሎች ውስጥ 2,831ዱ፣ ማለትም 86 በመቶው፣ ወይ በጣም አጭር ወይ በመዝገበ ቃላትና በስም ዝርዝር የሚገኙ ሆነው አገኟቸው። ከዚህ በመነሳት ተጠቃሚውን መውቀስ ቀላል ነበር። ሁለቱ ሰዎች የመረጡት መንገድ ግን ሌላ ነው። የመፍጫውን ስሌት ሆን ብለው አዘገዩት፤ ገማቹ በሰከንድ የሚሞክራቸው ቃሎች ቁጥር በእጅጉ እንዲያንስ። ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ማሽኑ ራሱ የሚመርጠው የዘፈቀደ ቁጥር ጨመሩበት፤ አንድ ዓይነት ቃል የመረጡ ሁለት ሰዎች ውጤታቸው የተለያየ እንዲሆንና አጥቂው አንድ ጊዜ ባሰላው ሁሉንም መክፈት እንዳይችል። ተጠቃሚው ረዘም ያለ ቃል እንዲመርጥ የሚያሳስብ ፕሮግራምም ጨምረዋል፤ ይህ ከሰው የሚጠበቀው ድርሻ ነው። ዋናውን ክብደት የጣሉት ግን ማሽኑ ላይ ነው። የሰው ልጅ ማስታወስ የሚችለውን እንደ ወሰን ተቀብለው፣ ሥርዓቱን በዚያ ወሰን ልክ አነጹት።

በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ከአንድ ክፍል ወጥቶ በግቢው ሁሉ ተበተነ። ኤምአይቲ በ1983 ከዲጂታል ኢኩዊፕመንትና ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ፕሮጀክት አቴና የተባለውን ሥራ ሲጀምር፣ በየሕንፃው የሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን በአንድ ኔትወርክ ለማስተሳሰር አቀደ። አዲስ ችግርም አብሮ መጣ፦ በኔትወርኩ ላይ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊጠለፍ ይችላል፤ በየአዳራሹ ያለውን ማሽንም ማንም እንዳሻው ሊነካካው ይችላል። የይለፍ ቃል በሽቦው ላይ ከተላከ ተሰረቀ ማለት ነው። ከዚህ ጭንቀት ከርበሮስ የተባለው ሥርዓት ተወለደ። ተጠቃሚው ቃሉን በፊቱ ባለው ማሽን ላይ ብቻ ይጽፋል፤ ቃሉ በኔትወርኩ ላይ አይጓዝም። አንድ ማእከላዊ ሰርቨር ለተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚያገለግል የተመሰጠረ ማረጋገጫ ይሰጠዋል፤ ኢሜይሉም፣ የፋይል ማስቀመጫውም፣ ማተሚያውም ያን ማረጋገጫ አይተው ይቀበሉታል። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ኤምአይቲ ኮዱን በነፃ ስለለቀቀው ሥርዓቱ በዓለም ተሰራጨ፤ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ማይክሮሶፍት የተቋማት መግቢያውን የገነባው በዚሁ ላይ ነው። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ ሳትጠየቅ ወደ ጋራ ፋይሉ የምትገባ ሠራተኛ፣ ስሙን ሰምታው ባታውቅም፣ የከርበሮስ ተጠቃሚ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው።

በዚያው ዐሥር ዓመት የደረሱ ሁለት ክስተቶች ደግሞ ከመሣሪያው ባሻገር ስለ አገልግሎት ሰዎች ዋጋ ያስተምራሉ። በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚተዳደረው በሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የነበረውና ወደ ኮምፒውተር አገልግሎት የተዛወረው ክሊፍ ስቶል በተጠቃሚዎች ሂሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት እንዲያጣራ ታዘዘ። ዝም ብሎ ሊታለፍ የሚችለውን ይህን ልዩነት በወራት ትጋት ሲከታተል፣ በመጨረሻ ከምዕራብ ጀርመን የሚገባ፣ ያገኘውን ለሶቪየት የስለላ ድርጅት የሚሸጥ ሰርጎ ገብ ላይ ደረሰ። ሰውየው ወደ ብዙ ኮምፒውተሮች የገባው ባለቤቶቹ ሳይቀይሯቸው በተዉዋቸው፣ ከፋብሪካ ጋር በመጡ የይለፍ ቃሎችና ባልታረመ የሶፍትዌር ቀዳዳ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በ1979 ያን ጥናት የጻፈው የሮበርት ሞሪስ ልጅ፣ በራሱ የሚባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በጊዜው በተሰጠው ግምት ኔትወርኩ ላይ ከነበሩት 60,000 ያህል ማሽኖች 6,000ዎቹ ተጠቁ። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ይገምት ነበር፤ ነገር ግን በኢሜይል ማስተላለፊያው ሶፍትዌር ውስጥ ክፍት በተተወ በርና በሌላ የአገልግሎት ፕሮግራም ስሕተት በኩልም ይገባ ነበር። ያቆሙት ደግሞ በበርክሊ፣ በኤምአይቲና በፐርዱ ዩኒቨርሲቲዎች ሌሊቱን ሳይተኙ ኮዱን የፈቱና ማሻሻያ ያከፋፈሉ ባለሙያዎች ናቸው።

የዚያ ሌሊት ውጤት ዛሬ ድረስ ዘልቋል። የአሜሪካ መከላከያ ምርምር ድርጅት በዚያው ወር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሥር ሰርት የተባለውን የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ማእከል አቋቋመ፤ በብዙ አገሮች የሚገኙት ተመሳሳይ ማእከላት ከዚያ የተቀዱ ናቸው። ከጥቃቱ በፊት አንድ ዩኒቨርሲቲ ችግር ሲደርስበት ሌላውን የሚያገኝበት መደበኛ መንገድ አልነበረውም። ማእከሉ ያመጣው ለውጥ ቀላል የሚመስል ግን መሠረታዊ ነው፦ አደጋን መቀበል፣ ማጣራትና ለሌሎች ማስጠንቀቅ የአንድ ቋሚ አገልግሎት ሥራ ሆነ። የስቶልና የ1988ቱ ባለሙያዎች ታሪክ አንድ ላይ ሲታይ፣ የጥበቃ ትልቁ ሀብት የሚያስተውል፣ ጊዜ የተሰጠውና ሲጠሩት የሚመልስ የአገልግሎት ክፍል መሆኑ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ተጣመመ። ኢንተርኔት በ1990ዎቹ ለሁሉም ሲከፈት፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቶችም ሲበዙ፣ ጥበቃ ወደ ደንብ ተለወጠ። የይለፍ ቃል ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይኑረው፤ በየዘጠና ቀኑ ይቀየር፤ የትም አይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ሥርዓት የተለየ ይሁን። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አን አዳምስና አንጄላ ሳሴ በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጠቃሚው የጥበቃ ጠላት አለመሆኑን ከርዕሱ ጀምረው ተከራከሩ። ሰዎች ደንብ የሚጥሱት በግዴለሽነት ሳይሆን ደንቡ ከሥራቸውና ከማስታወስ አቅማቸው ጋር ስለማይሄድ፣ የጥበቃ ክፍሉም ምክንያቱን ስለማያስረዳቸው እንደሆነ አሳዩ። ሰሚ ግን ጥቂት ነበር። በአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የሚሠራው ቢል በር በ2003 ያዘጋጀው መመሪያ የፊደልና የምልክት ቅልቅልን ይበልጥ አስፋፋው፤ ብዙ ተቋማት እንደ ሕግ ያዙት።

ማስረጃው የመጣው በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በ2010 በቻፕል ሂል የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ አገልግሎታቸው ያበቃ ከ7,700 በላይ የተማሪዎች፣ የመምህራንና የሠራተኞች አካውንቶችን የድሮ የይለፍ ቃሎች መረመሩ። ባለቤቶቹ ቃላቸውን በየሦስት ወሩ ለመቀየር ይገደዱ ነበር። ጥናቱ ያገኘው ሰው ሲገደድ የሚያደርገውን ነው፦ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ከፍ ያደርጋል፣ አንዱን ፊደል በምልክት ይተካል፣ የፊደሎቹን ቦታ ይለዋውጣል። በዚህም የተነሳ አሮጌውን ቃል ያወቀና የተፈጨው ፋይል በእጁ ያለ አጥቂ ከአካውንቶቹ 41 በመቶ የሚሆኑትን አዲስ ቃል በሰከንዶች ውስጥ ሊያገኝ ይችላል፤ 17 በመቶዎቹን ደግሞ ፋይሉ ባይኖረውም በመግቢያው ገጽ ላይ በአምስት ሙከራ ሊደርስባቸው ይችላል። በየሦስት ወሩ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የተቸገረበት ደንብ የገዛው ጥበቃ እጅግ ትንሽ ነበር። በ2017 የደረጃዎች ተቋሙ መመሪያውን ሲያድስ፣ የተሰረቀ ስለመሆኑ ምልክት ካልታየ በቀር ቃል በየጊዜው እንዲቀየር መጠየቅ እንደማያስፈልግ ጻፈ፤ የፊደል ቅልቅል ግዴታንም ተወ። ቢል በርም በዚያው ዓመት በቀድሞ ምክሩ እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናግሯል። ኮርባቶ ራሱ በ2014 የይለፍ ቃል ነገር ቅዠት እንደሆነ ገልጾ ነበር። ከ2003 እስከ 2017 ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሸክሙ የተቀመጠው በተሳሳተ ትከሻ ላይ ነው።

የማጥመጃ ኢሜይል ዘመንም ይህንኑ ትምህርት በከፋ ዋጋ አስተማረ። በጃንዋሪ 2015 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን ደመወዝ ስለሚዘርፉ ሰዎች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከሰው ኃይል ክፍል የመጣ የሚመስል ኢሜይል ሠራተኛውን ወደ ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ይወስደዋል፤ እዚያ የጻፈውን ስምና ቃል ይዘው ወደ እውነተኛው ሥርዓት ይገቡና ደመወዙ የሚገባበትን የባንክ ሂሳብ ይቀይራሉ። እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ የአንድን ቤተሰብ የወር እንጀራ የሚወስን ለውጥ በአንድ ቃል ብቻ እንዲፈጸም የፈቀደው ማነው? በ2018 መጨረሻ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ላይ የደረሰው ጥቃት ደግሞ «አትጫን» የሚለው ምክር ወሰን እንዳለው አሳየ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በኦክቶበር 2019 ባወጣው ዝርዝር ሪፖርት መሠረት፣ የመጀመሪያው ማጥመጃ ኢሜይል ሲታይ ብቻ ጉዳት አደረሰ፤ ሊንክም አባሪም መጫን አላስፈለገም። ከዚያ ሰርጎ ገቦቹ እስከ 19 ዓመት ወደኋላ የሚሄድ የሠራተኞችና የተማሪዎች መረጃ ወዳለበት ሥርዓት ደረሱ።

በኔዘርላንድስ የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ የደረሰውም ብዙ ያስረዳል። በኦክቶበር 2019 ማጥመጃ ኢሜይል በተከፈተበት ኮምፒውተር በኩል የገቡ ወንጀለኞች ከሁለት ወር በላይ በኔትወርኩ ውስጥ ሲዘዋወሩ ቆይተው፣ በዲሴምበር 23፣ ሰው ሁሉ ለበዓል በተበተነበት ዋዜማ፣ 267 ሰርቨሮችን ቆለፉ። ዩኒቨርሲቲው 30 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ወደ 200,000 ዩሮ የሚጠጋ፣ ከፍሎ ሥራውን አስቀጠለ። በፌብሩዋሪ 2020 ውጤቱን በይፋ ሲያቀርብ፣ ማጥመጃው ያን ያህል ጥፋት ያደረሰው ማሻሻያ ያልተጫነባቸው ሰርቨሮች ስለነበሩ፣ ኔትወርኩ በሚገባ ስላልተከፋፈለ፣ የመጠባበቂያ ቅጂዎችም ከዚያው ኔትወርክ ጋር የተያያዙ ስለነበሩ መሆኑን አምኗል። በ2022 የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከተከፈለው ከፊሉን አስመለሰ፤ የቢትኮይን ዋጋ በመናሩ ወደ 500,000 ዩሮ ደርሶ ስለነበር ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡ ለተቸገሩ ተማሪዎች እንዲውል ወሰነ። ኢሜይሉን የከፈተው ሰው ተሳስቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ባሉበት ተቋም ግን አንድ ሰው አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም። በእርግጠኝነት የሚመጣን ነገር እንዳይመጣ መመኘት ዕቅድ ሊሆን አይችልም፤ ዕቅድ የሚባለው ሲመጣ የሚያደርሰውን ጉዳት ማጥበብ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሠራተኛውን ከኃላፊነት ነፃ ማድረግ ግዴለሽነትን ያበረታታል፤ ደግሞም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቀው ሁለተኛ ማረጋገጫ ራሱ ለሠራተኛው ተጨማሪ ሸክም አይደለም ወይ? የመጀመሪያው ነጥብ ከፊል እውነት አለው፤ ቃሉን ለባልደረባው አሳልፎ የሚሰጥ ሠራተኛ ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ቅጣት በሚፈራበት ቤት ስሕተት ይደበቃል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ ለማስትሪኽት ዓይነት ሰርጎ ገብ ሁለት ወር የሚሰጥ ነው። ተሳስቶ ወዲያው የሚደውል ሠራተኛ ለተቋሙ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚደውለውም ስልኩን የሚያነሳው ሰው እንደማያዋርደው ሲያምን ነው። በሁለተኛው ነጥብ የእጅን ሸክም ከፍርድ ሸክም መለየት ያስፈልጋል። በስልክ ማረጋገጥ ወይም ትንሽ የደኅንነት ቁልፍ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት የተወሰነ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ የእጅ ሥራ ነው። በቀን ከሚመጡ መቶ ኢሜይሎች መሐል የትኛው ሐሰተኛ እንደሆነ መለየት ግን ባለሙያንም የሚያሳስት ፍርድ ነው። በ2019 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ዌብኦተን የተባለው ዘዴ በዚህ ረገድ ዋነኛ እርምጃ ነው፤ ቁልፉ ከእውነተኛው ገጽ አድራሻ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ፣ ሠራተኛው በሐሰተኛ ገጽ ቢታለል እንኳ ቁልፉ አይታለልም። ፍርዱን ከሰው ወደ ማሽን ማዛወር ማለት ይህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከምሁራን በኩል የሚመጣና በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ነው። ዩኒቨርሲቲ ክፍት ቤት ነው፤ ማእከላዊ አገልግሎት የሁሉን ሰው መግቢያ ከያዘ የሁሉን ሰው እንቅስቃሴም ማየት ይችላል፣ ጥበቃ ወደ ቁጥጥር ይለወጣል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም የጥበቃ ክፍሉ ምን እንደሚያይ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጥና በማን ፈቃድ እንደሚከፍት በግልጽ በተጻፈ ደንብ መወሰን ነው። ክፍትነትንና ጥበቃን የግድ ማጋጨት እንደማያስፈልግ ግን ታሪኩ ያሳያል። ከ2003 አካባቢ በአውሮፓ የተጀመረው ኤዱሮም አንድ ተመራማሪ በሚጎበኘው ዩኒቨርሲቲ በራሱ ዩኒቨርሲቲ መለያ ኢንተርኔት እንዲያገኝ ያስችላል፤ ቃሉን የሚያጣራው የራሱ ተቋም ስለሆነ አስተናጋጁ አያየውም። ዛሬ ከመቶ በላይ አገሮች ይገለገሉበታል። በሌላ በኩል በ2009 በእንግሊዙ የምሥራቅ አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ኢሜይሎች ተሰርቀው ለዓለም ሲበተኑ፣ ምሁራኑ ለዓመታት የማስረዳትና የመመርመር ጣጣ ውስጥ ገቡ። የተካሄዱት ምርመራዎች የሳይንስ ማጭበርበር አላገኙም፤ ሌባውም ሳይታወቅ የፖሊስ ፋይሉ ተዘጋ። ባልደረባ ከባልደረባው ጋር ረቂቅ ሐሳብ በነፃነት የሚለዋወጠው የጻፈው ነገር ሳይሰረቅ ሲቀመጥለት ነው፤ ስለዚህ ጥበቃ ለአካዳሚ ነፃነት ቅድመ ሁኔታው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወደ እኛ ይቀርባል፦ ይህ ሁሉ የሀብታም ተቋማት ታሪክ ነው፤ ደሃ ዩኒቨርሲቲ ከየት ያመጣዋል? በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዛት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከጣት ቁጥር ተነስቶ ከአርባ አልፏል፤ የተማሪ ውጤት፣ የመምህራን ደመወዝና የምርምር መረጃ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሱት ትልልቅ እርምጃዎች ሲቆጠሩ አብዛኞቹ የገንዘብ ጉዳይ አልነበሩም። የኒድሃም ዘዴ ሐሳብ ነው፤ የከርበሮስ ኮድ በነፃ ይገኛል፤ የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ አስገድዶ ማስቀየርን ማቆም ምንም አያስወጣም፤ የመጠባበቂያ ቅጂን ከኔትወርኩ ነጥሎ ማስቀመጥና የባንክ ሂሳብ ለውጥን በአካል ማረጋገጥ ከገንዘብ ይልቅ ሥርዓት ይጠይቃሉ። ዋናው ወጪ ሰው ነው፦ ሠራተኛው ሲቸገር የሚያገኘው፣ ቋሚ ቦታ ያለውና በዕውቀቱ የሚከበር ባለሙያ። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ ኢተርኔት፣ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ጥቂት ባለሙያ ለብዙዎች የሚያገለግልበትን መንገድ ሊከፍት ይችላል። ሕጉም አቅጣጫውን ያሳያል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አጥቂውን ይቀጣል፤ በዚያው አቆጣጠር በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃውን የሚይዘው ተቋም እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል። ግዴታው የተቋሙ ነው።

ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ጥበቃውን ሊገመግም ሲነሳ፣ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ሠራተኞቹ ስንት ጊዜ እንደሠለጠኑ አይደለም። የይለፍ ቃሎቻቸው እንዴት ተቀምጠዋል? ቃላቸው ቢሰረቅ አጥቂው በዚያ ብቻ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል? ማሻሻያ ያልተጫነበት ሰርቨር የት አለ? መጠባበቂያ ቅጂው ለመጨረሻ ጊዜ በሙከራ የተመለሰው መቼ ነው? ሠራተኛው ሲሳሳት ለማን ይደውላል፣ ስልኩንስ ማን ያነሳል? ከ1961 እስከ ዛሬ የደረሱት አደጋዎች በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የተሰጡ መልሶች ሲጎድሉ የደረሱ ናቸው፤ የተገኙት ድሎችም መልሱ ሲሟላ የተገኙ ናቸው። ሥልጠና ጠቃሚ ነው፤ ሥልጠና መሠረት የሚሆነው ግን አገልግሎቱ የራሱን ድርሻ ሲሸከም ብቻ ነው። የመምህሩ ሥራ ማስተማርና መመራመር፣ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ሥራ መዝገብን በትክክል መያዝ ነው። ያን ሥራቸውን በሰላም እንዲሠሩ ማስቻል የቴክኖሎጂ አገልግሎቱ ግዴታ ነው፤ በጀቱም፣ የሰው ኃይሉም፣ ተጠያቂነቱም በዚህ ግዴታ ልክ ሊሰፈር ይገባዋል።